የኮረም ምስል ቦረና ምን ይሠራል?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ደቡብ ኢትዮጵያው ቦረና ድርቅ የሠራውን ዘጋቢ ፊልም ከእናቴ ጋር እያየን ነበር። ተራኪው ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ እንደቀረ፣ ከብቱ እንዳለቀ ይናገራል። ጥሩ ጅምር ነበር። ከዚያ ዋሽንት ገባ፣ ምስሉም ተቀየረ። የንጋት ብርድ፣ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች፣ መሬት ላይ የተደረደረ አስከሬን። እናቴ «ይሄ እኮ ኮረም ነው» አለችና ተነስታ ጓዳ ገባች።

ልክ ናት። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን በሰባ ሰባቱ ረሀብ ጊዜ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ የተራበ ሕዝብ በተሰበሰበባት በሰሜኗ ኮረም የቀረጸው፣ ቢቢሲ በማይክል በርክ ዘገባ ያሳየው ምስል ነው። ቦረና ግን ቆላ ነው። ሕዝቡ ከብት አርቢ ነው። ውኃውን ኤላ ከሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ ሰው በሰው ተቀባብሎ ያወጣል። የደጋ ብርድና ጋቢ እዚያ ምን ያደርጋል?

ያን ምስል አልነቅፍም። ዓለምን ቀስቅሷል፣ የብዙ ሰው ነፍስም አትርፏል። የራሳችን ቴሌቪዥን በዚያው ዓመት መስከረም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሰልፍና ድግስ ነበር የሚያሳየን። ከዚያ በፊትም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተቀላቀለ ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የተራበ ሰው ምስል አንዴ መንግሥት ያወርዳል፣ አንዴ እርዳታ ይሰበስባል፣ አሁን ደግሞ የፊልም ክፍተት መሙያ ሆኗል። ሰውየው ማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

እናቴ በሰባ ሰባት የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። እሷ የምታውቀው ድርቅ ከአስከሬን አይጀምርም። መጀመሪያ በልጉ ቀረ። ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ ዝም አለ። ይሄን ስትነግረኝ ሁሌም ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ጠዋት ጠዋት ከሩቅ የሚሰማው የወፍጮ ድምፅ አንድ ቀን ጠፋ፣ የሚያስፈጭ የለማ። ከዚያ አህያዋ ተሸጠች። ከዚያ በሬዎቹ። ሁሉም በሬውን ይዞ ስለወጣ ገበያው ላይ በሬ ረከሰ፣ ማሽላ ግን የማይቀመስ ሆነ። ለዘር የተቀመጠው እህል ተበላ። በመጨረሻ አያቴ የጎጆውን እንጨት ነቅሎ ሸጠ። ወደ ኮረም መንገድ የጀመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካሜራው የጠበቃቸው እዚያ ነው።

«እዚያ ከመድረሳችን በፊት እኮ ባለቤት ነበርን» ትላለች።

በእናንተ በኩል ፊልም ለሚሠሩ፣ ድራማ ለሚጽፉ፣ ዜና ለሚያቀናብሩ ሁሉ እንዲደርስልኝ የምፈልገው ይሄ ነው። የቆየ ምስል ስትጠቀሙ የትና መቼ እንደተቀረጸ ከታች ጻፉልን። የቦረናን ድርቅ ከቦረና ሰው አፍ አሰሙን። ደግሞ ካሜራውን ቀደም አድርጋችሁ ላኩት። በልግ ሲቀር ላኩት፣ የከብት ገበያው ሲጥለቀለቅ ላኩት። ለካሜራ አያምር ይሆናል፣ የሚያስለቅስ ነገርም ላይኖረው ይችላል። ግን ወፍጮ ቤቱ ዝም ያለ ቀን አያቴ ገና ሁለት በሬ ነበረው።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ