ማስያዣሽን ጥለሽ እንዳትወጪ

አንቺዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ማን ጠፋ፣ ማን መደወል ነበረበት የሚለውን ክርክር ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። አሁን ብዕር ያስነሳኝ ሌላ ነገር ነው።

ቤት ልትለቂ መሆኑን እናትሽ ነገሩኝ። «ማስያዣውን እንደሆነ ተስፋ ቆርጣበታለች» ሲሉኝ ግን ደሜ ፈላ። ምን ማለት ነው ተስፋ መቁረጥ? ስትገቢ ያስያዝሽው ገንዘብ እኮ ያንቺ ነው። አከራይሽ ጋ የተቀመጠው በአደራ ነው። ከላዩ መቁረጥ ከፈለገ ምክንያቱን ማሳየት ያለበት እሱ ነው።

እኔም በቅርቡ ቤት ለቅቄያለሁ። አከራዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኪራይ ሊቀበል ሲመጣ ፈገግታው አይጠገብም። የመጨረሻው ቀን ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ማእድ ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የተቃጠለች ክብ ምልክት በጣቱ ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ እንዳለ መቀየር አለበት» አለ። ምንም ሳልመልስ ስልኬን አወጣሁ። ዕቃ ከማስገባቴ በፊት ያነሳሁት ፎቶ ላይ ያቺው ምልክት ቁጭ ብላለች፣ ከነቀኗ። መነጽሩን አደረገ። ፎቶውን በሁለት ጣቱ አጎላው። ምልክቷን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ እንደገና ምልክቷን አየ። «እ… የድሮው ተከራይ ነዋ» ብሎ ወደ መታጠቢያ ቤት አለፈ። በአፌ ብቻ ብሟገት ኖሮ እስካሁን እዚያው ቆመን ነበር።

አንቺ ስትገቢ ፎቶ ባታነሺም አትደንግጪ። ያኔ ከአከራይሽ ጋር የተላላካችኋቸውን መልእክቶች ፈልጊ። «ቧንቧው ያንጠባጥባል»፣ «መስኮቱ አይገጥምም» ብለሽ የጻፍሽለት ሁሉ ማስረጃ ነው። ቤት ውስጥ የተነሳሻቸው ፎቶዎችም ከጀርባሽ ያለውን ግድግዳ ያሳያሉ።

መልቀቅሽን በቃል ብቻ እንዳትነግሪው። ስንት ቀን አስቀድመሽ ማሳወቅ እንዳለብሽ ውልሽን እዪና ቀን ባለበት ጽሑፍ አሳውቂው። «የመጨረሻውን ወር አትክፈይ፣ በማስያዣው ኑሪበት» የሚሉሽ አይጠፉም። እሱ ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ አታድርጊው። ውል አፍራሿ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ከዚያ ወዲያ አፍ አይኖርሽም።

ዋናው ጭቅጭቅ ያረጀውና የተበላሸው ላይ ነው። ሰው የኖረበት ቤት ቀለሙ ይደበዝዛል፣ መተላለፊያው ላይ ያለው ምንጣፍ ይሳሳል፣ የበር እጀታ ይላላል። ይህ የኑሮ ነው፤ በአብዛኛው ወጪው የአከራዩ ነው። መስታወት ከሰበርሽ ወይም ምንጣፉን በካውያ ካቃጠልሽ ግን ያንቺ ነው፣ ክፈይ። ስትከፍይም እንደ ዕቃው ዕድሜ ይሁን። 10 ዓመት የተረገጠ ምንጣፍ በአዲስ ዋጋ አይተመንም። ሻጋታ ደግሞ ሁሌም ያጣላል። ጣሪያ አፍስሶ ወይም ቧንቧ ፈንድቶ የመጣ ከሆነ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ግን ማፍሰስ ሲጀምር ነግረሽዋል ወይ? ነገሩ እዚያ ላይ ነው።

ጽዳቱን አታቃልይው። ምድጃው ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው ከቆመበት ጀርባ፣ የመታጠቢያው ማፍሰሻ፤ መጀመሪያ የሚያዩት እነዚህን ነው። የተቃጠለ አምፖልም ቀይሪ። ዕቃሽ ከወጣ በኋላ ባዶውን ቤት በቀን ብርሃን ክፍል በክፍል ቪዲዮ ቅረጪው። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውንም ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገሽ አንሺ፤ የሚቀጥለው ሰው ሂሳብ አንቺ ላይ እንዳይጫን።

ቁልፍ ስታስረክቢ ቤቱን አብራችሁ እዩት። ያያችሁትን ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ስንት ቁልፍ እንደመለስሽም ይጻፍ። «ቆይ፣ አይቼ እደውልልሻለሁ» ካለሽ እሺ በይው፣ ግን የባንክ ሂሳብ ቁጥርሽንና እስከ መቼ እንደምትጠብቂ የዚያኑ ዕለት ጽፈሽ ላኪለት። ቆርጫለሁ ካለሽ ዝርዝሩን ከነደረሰኙ ጠይቂው። «ለጥገና» የምትል አንዲት መስመር ዝርዝር አይደለችም። የእኔው ሰውዬ ደረሰኝ ስጠይቀው ለጽዳት ብሎ የቆረጣትን ራሱ ተዋት። መደርደሪያ ለሰቀልኩባቸው ትልልቅ ቀዳዳዎች ትንሽ ቆረጠ፤ እሱ ላይ አልተሟገትኩም፣ እውነቱን ነው።

ጭራሽ ዝም ካለሽ ቀነ ገደብ ያለው ደብዳቤ ጻፊለት። አጭር ይሁን፣ ስድብ አይኑርበት፤ ነገ ዳኛ ሊያነበው ይችላል። ሕጉ እንደየአገሩ ነው። ማስያዣ በስንት ቀን መመለስ እንዳለበት የሚደነግግ አለ፣ ለትንሽ ገንዘብ ክርክር ቀለል ያለ ችሎት ያለውም አለ። ያለሽበትን ቦታ ከአሁኑ አጣሪ።

ለማንኛውም ውልሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የማስያዣዋን አንቀጽ አብረን እናነባታለን። እናትሽን በጣም ሰላም በያቸው። ማታ ማታ ቤት ነኝ፣ ደውይ።

ያንቺዋ