ለአንድ አልበምና አልጋዬ ድረስ ላመጡልኝ ሰው የቀረበ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሜ ከዚያ አደጋ በሕይወት ያተረፈኝን ልዑል እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። የደረሰብኝን በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ያላችሁ ወዳጅ ዘመዶቼ ሁሉ ስለምታውቁት መልሼ አልተርከውም፤ ይህን የምጽፈው በተኛሁባቸው ወራት ላልተለያችሁኝ ሁሉ፣ ይልቁንም ለአንድ ሰውና እሳቸው ይዘውልኝ ለመጡት አንድ አልበም ያለብኝን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ነው።

እኚህ ሰው በሰፈራችን ቴፕና ሬዲዮ በመጠገን የሚተዳደሩ፣ ትንሽ ትልቁ «ጋሼ» የሚላቸው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ አጥብቀው ስለለመኑኝ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ ሱቃቸውን የሚያውቅ ግን ማን እንደሆኑ አይጠፋውም። ጠያቂው ሁሉ አጥሚትና እርጎ ይዞ ሲመጣ ጋሼ ከጋቢያቸው ሥር ያወጡት አንድ አሮጌ የሲዲ ማጫወቻ ነበር። የከተማችን ብርድ ሌንሱን ጉም ስለሚያለብሰው፣ ማጫወቻውን በጋቢያቸው ጠቅልለው እስኪሞቅ ድረስ ጉልበታቸው ላይ ያቆዩታል፤ ከዚያም ለቁስሌ ከተገዛው ጥጥ ቆንጥረው በክብሪት እንጨት ጫፍ ይጠመጥሙና ሌንሱን ቀስ አድርገው ይጠርጉታል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድም ቃል አይናገሩም። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ለእኔ ሰጥተው ሌላውን ራሳቸው ያደርጉታል። ሙዚቃው ግራና ቀኝ ተከፍሎ የተቀዳ በመሆኑ በአንዱ ጆሮ የሚጎላው በሌላው ስለሚለዝብ፣ አንዱን ዘፈን ስንጨርስ ማዳመጫውን ተቀያይረን ያንኑ እንደገና እንሰማው ነበር። ሕመሜን የረሳሁት በእነዚያ ሰዓቶች ነው።

አልበሙ ቢግ ስታር የተባለው የአሜሪካ ባንድ፣ በቴነሲ ግዛት በምትገኘው በሜምፊስ ከተማ በአርደንት ስቱዲዮ ቀድቶ በ1972፣ በእኛ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ያወጣው «ነምበር ዋን ሬከርድ» ነው። አልበሙ የተሠራበት ፓወር ፖፕ የሚባለው ስልት በትዝታና በባቲ ላደገ ጆሮ መጀመሪያ እንግዳ ይመስላል፤ ጊታሩና ድራሙ የሮክ ጉልበት አላቸው፣ ዜማው ግን አንዴ ሰምተው የሚያንጎራጉሩት ዓይነት ነው፣ ተቀባዮቹም ከመሪው ድምፅ ጋር እየተዋሐዱ ከፍ ይላሉ። ከዐሥራ ሁለቱ ሥራዎች መካከል «ሰርቲን» የተሰኘው ድራም እንኳ የለውም፤ ጊታርና የሰው ድምፅ ብቻውን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይቆይና ያበቃል። አልበሙ መጀመሪያ የወጣው ሁለት ገጽ ባለው ሸክላ ነውና፣ ጋሼ ጊታሩ የሚጮኽበትን የመጀመሪያውን ገጽ ያስበልጣሉ፤ እኔ ደግሞ፣ የአካሉ መድከም አድልቶብኝ ከሆነ አላውቅም፣ ረጋ ያሉት ዘፈኖች የሚበዙበትን ሁለተኛውን አስበልጣለሁ፣ ይህም ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በመጀመሪያው ገጽ ውስጥ የሞተር ሳይክል ጩኸት የሚሰማበት አንድ ዘፈን አለ። ጋሼ በጣም የሚወዱት ዘፈን ቢሆንም እዚያ ሲደርሱ ምንም ሳይሉ፣ እኔም ሳልጠይቃቸው፣ ቁልፉን ተጭነው ወደሚቀጥለው ይሻገሩ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ የዘፈኖቹን ዝርዝር ከሽፋኑ ላይ ሳነብ ነው፤ ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ በአደጋው ዕለት እንኳ አላለቀስኩትም።

ይህን የመሰለ ሥራ ለምን ሳይታወቅ ቀረ ብዬ ስጠይቃቸው ታሪኩን በየቀኑ ቀንሰው ቀንሰው ነገሩኝ። ሐያስያን አልበሙን አወድሰውት ነበር። አሳታሚው ስታክስ ግን በጥቁር አሜሪካውያን የሶል ሙዚቃ እንጂ በሮክ ገበያ የታወቀ አልነበረም፤ ሥርጭቱን ኮሎምቢያ ከተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ሲዋዋልም ነገሩ ይባስ ተበላሽቶ፣ ሸክላው ፈላጊ እያለው በየመደብሩ ታጣ። በመጀመሪያው ኅትመት የተሸጠው ከ10,000 ቅጂ በታች ነበር። እነ አር ኢ ኤምና ዘ ሪፕሌስመንትስን የመሳሰሉ ባንዶች ባለ ዕዳነታቸውን የመሰከሩለት ከዓመታት በኋላ ነው። የጋሼም ሲዲ ይህንኑ አልበምና ተከታዩን በአንድ ላይ ይዞ በኋላ የታተመው ሲሆን፣ ያገኙትም ውጭ አገር ከሚኖር ዘመዳቸው ነው።

ስለዚህ ለአራቱ ሙዚቀኞች፣ ለክሪስ ቤል፣ ለአሌክስ ቺልተን፣ ለአንዲ ሃሜልና ለጆዲ ስቲቨንስ፣ እንዲሁም ድምፁን እንዲያ አጥርቶ ለቀዳው ለጆን ፍራይ ምስጋናዬ ይድረስ እላለሁ፤ ምንም እንኳ ዛሬ በሕይወት ያለው ከባንዱ ጆዲ ስቲቨንስ ብቻ ቢሆንም። ቺልተንና ሃሜል በአንድ ዓመት፣ በመጋቢትና በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ዐረፉ። የክሪስ ቤልን አሟሟት ግን ጋሼ ለረጅም ጊዜ ደብቀውኛል። አልበሙ ከወደቀ በኋላ በዚያው ዓመት ባንዱን ትቶ እንደወጣ ነግረውኝ፣ «ከዚያስ?» ስላቸው ወሬ ይለውጡ ነበር። በክራንች ቆሜ እስከ ደጃፍ መውጣት ከጀመርኩ በኋላ ነው፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1971 ዓ.ም. በ27 ዓመቱ በመኪና አደጋ መሞቱን ያረዱኝ። እኔ ተርፌ እርሱን ስሰማ መክረሜን ሳስብ እስካሁን ልቤ ይረበሻል። ነፍሱን ይማር።

በሆስፒታል ላከማችሁኝና ላስታመማችሁኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ለእድራችን አባላት፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ከመንዝና ከአንኮበር ድረስ መንገድ ሳይበግራችሁ ለጠየቃችሁኝ ዘመዶቼ፣ ሌሊቱን ለአደራችሁልኝ ጎረቤቶቼ በሙሉ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልኝ። ስማችሁን አንድ በአንድ ባለመዘርዘሬ እንዳትቀየሙኝ አደራ እላለሁ፤ ስለ አንድ አልበም ይህን ያህል ጽፎ ስለ እኛ አንድ መስመር ብቻ የምትሉ ብትኖሩም አልፈርድባችሁም፣ እናንተን ቤታችሁ ድረስ መጥቼ በእግሬ ቆሜ ለማመስገን ስላሰብኩ ነው።

ሲዲውን ለባለቤቱ መልሻለሁ። ጋሼም ፈቅደውልኝ እንደማስታውቀው፣ መስማት የሚፈልግ ሁሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ቢመጣ በትልቁ ስፒከር ያሰሙታል፤ ያለቻቸው ዱካ አንዲት ብቻ ስለሆነች መቀመጫ ይዞ መምጣት ይበጃል፣ ያን የሞተር ሳይክሉን ዘፈንም ከእንግዲህ እንዳያልፉት ነግሬያቸዋለሁ።