አባባ፣ ትምባሆውን አይጠቅጥቁት

ይድረስ ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት ወይ? እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹ "አያታችን መቼ ነው አዲስ አበባ የሚመጡት?" እያሉ ይነዘንዙኛል።

ፒፓዎ ተጠግኗል። ለጥምቀት ስመጣ "መምጠጫው ተሰበረ፣ አንተ እንጨት ሠሪ አይደለህ፣ እስኪ እየው" ብለው የሰጡኝን ማለቴ ነው። ከአንድ አሮጌ ፒፓ የተረፈ መምጠጫ አገኘሁ። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ፈግፍጌ ልክ አስገባሁት። አሁን አየር አያሾልክም።

መምጠጫው ቀላል ሥራ ነበር። ሐሳብ ላይ የጣለኝ ውስጡ ነው። እርስዎ ካንዴላ ነቅለው በማየት ብቻ የሞተሩን ሕመም ይናገሩ እንደነበር ጎንደር አውቶፓርኮ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ነጭ ከሆነ ግሏል። ፒፓዎም ስከፍተው እንደዚያ ነው የተናገረው።

መጀመሪያ ከሥሩ ሳይነድ የቀረ ትምባሆ ወጣ። ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው። በሚስማር ጫፍ ፈልፍዬ ነው ያወጣሁት፤ ጣቴ ላይ ተለጥፎ በሳሙናም አልለቅ አለኝ። ከዚያ ግድግዳውን አየሁት። የተጋገረው ከሰል በግራ በኩል ስስ ነው፣ በቀኝ በኩል ወፍራም። የቀኙ ከንፈር ደግሞ አሯል። እንጨቱ ራሱ ተበልቷል።

ይህን ሳይ አሞላልዎና አለኳኮስዎ ገባኝ። በአውራ ጣትዎ ከሥር ጀምረው በኃይል ይጠቀጥቃሉ። ክብሪቱን በአንድ በኩል ብቻ ይሰጡታል። አልነድ ሲልዎት በጉልበት ይስቡታል። "ምላሴን ፈጀኝ" የሚሉንም ከዚህ የመጣ ነው። ያ ጣሊያናዊ አለቃዎ ፒፓ ማጨሱን ሲያስለምድዎ አሞላሉን በደንብ አላሳየዎትም መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምባሆ እንዲነድ አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ከላይ ይገባል፤ በትምባሆው መሀል አልፎ ከሥር ባለችው ቀዳዳ ወደ መምጠጫው ይሄዳል። ትምባሆ ሲነድ ደግሞ እንፋሎት ያወጣል። እንፋሎቱ ወደ ታች ወርዶ ቀዝቀዝ ያለው ሥር ላይ ውሃ ይሆናል። ሥሩ ቀድሞውኑ ከተጠቀጠቀ ያ ውሃ መሄጃ ያጣል። ትምባሆው ይርሳል፣ ያብጣል፣ ቀዳዳዋን ይዘጋታል። ያን የሚንቆረቆር ድምፅ ያውቁታል። ያኔ አጥብቀው ሲስቡ ከላይ ያለው ፍም ይብስ ይግላል፤ ትኩስ እንፋሎትም እየነዳ ወደ አፍዎ ይመጣል። በአብዛኛው ምላስ የሚፈጀው እሱ ነው።

ስለዚህ ሥሩ ልል ይሁን። ሌላውን ሁሉ ቢረሱት ይህችን አይርሱብኝ።

ወደ ወርክሾፔ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ፒፓ ያጨሱ ናቸው። እሳቸውን ጠየቅኋቸው። በፒፓ አጫሾች ዘንድ የታወቀው አሞላል በሦስት ቁንጥር ነው አሉኝ። የመጀመሪያው በልጅ እጅ፣ ሁለተኛው በሴት እጅ፣ ሦስተኛው በወንድ እጅ ይጫናል ይባላል። መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ሞልተው አሳዩኝ። እኔም በእርስዎው ፒፓ ሳልለኩስ ደጋግሜ ሞከርኩት።

መጀመሪያ ትምባሆውን በጣትዎ ያፍታቱት። የተቋጠረ ነገር አይኑርበት። ወፍራም ጅማት ካለው አውጥተው ይጣሉት። ከዚያ ቆንጥረው ወደ ፒፓው ይበትኑት። ይበትኑት ነው ያልኩት፤ አይጫኑት። በራሱ ክብደት ይውረድ። እስከ አፉ ሲሞላ የፒፓውን ጎን በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት። አሁን ነካ ቢያደርጉት ወደ ግማሽ ይወርዳል። የልጅ እጅ የተባለው ይህ ነው። ሁለተኛውንም እንደዚሁ እስከ አፉ ይሙሉ፤ ከበፊቱ ትንሽ ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ከግማሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ሦስተኛውን ከአፉ በላይ ይቆልሉትና ከከንፈሩ ትንሽ ዝቅ እስኪል ይጫኑት። ሲጨርሱ በጣትዎ ይንኩት። ወደ ታች ሄዶ መልሶ ብድግ ካለ ልክ ነው። ሄዶ ከቀረ ላልቷል። ጭራሽ ካልሄደ ጠብቋል።

ሳይለኩሱ በፊት አንዴ ይሳቡት። አየሩ ትንሽ እየታገለ መምጣት አለበት። ምንም ሳይታገል ከመጣ ቶሎ ነዶ ያልቃል። ጉንጭዎ ወደ ውስጥ እስኪገባ የሚያለፋዎ ከሆነ ግን ሳይሰለቹ ገልብጠው እንደገና ይሙሉት። እርስዎ ከላይ በሽቦ ወጋ ወጋ ያደርጉታል። ያ ለጊዜው ይከፍተዋል እንጂ ሥሩን አያላላውም።

የጎንደር አየርም የራሱ ጣጣ አለው። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናቡ ሲያቆም ሁሉ ነገር ይደርቃል። ያ በቆርቆሮ የሚያስቀምጡት ትምባሆ ክዳኑ ስለማይገጥም የካቲትና መጋቢት ላይ ዱቄት ይሆናል። ደረቅ ትምባሆ ቶሎ ይነዳል፣ በጣምም ይግላል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በተቃራኒው እርጥበት ጠጥቶ ክብሪት ይጨርሳል። መለኪያው ጣትዎ ነው። ቁንጥሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨመቅ አድርገው ይልቀቁት። ከተንኮሻኮሸና ከተሰባበረ ደርቋል። ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል። ቀስ ብሎ ከተፈታ ደህና ነው። የደረቀውን ውሃ አይርጩበት፣ ይሻግታል። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የብርጭቆ ብልቃጥ ልኬያለሁ፤ ከእንግዲህ እዚያ ውስጥ ያስቀምጡት። የረጠበውን ወረቀት ላይ ዘርግተው ጥላ ውስጥ ያቆዩት።

አሁን ወደ እሳቱ ልምጣ። ክብሪቱን ሲጭሩ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ አንድ አፍታ ይጠብቁ። ከዚያ እሳቱን በትምባሆው ፊት ላይ ዙሪያውን ያዙሩት፣ በቀስታ እየሳቡ። ትምባሆው ይነሳል፣ ይጠማዘዛል። ይህ የመጀመሪያው እሳት ፊቱን ለማጥቆር ብቻ ነው፤ ቢጠፋም ይጥፋ። በሚስማር ራስ ደልደል አድርገው እንደገና ይለኩሱት። የሚይዘው ሁለተኛው ነው። በመሀል ደግሞ ቢጠፋብዎ አይናደዱ። ፒፓ ይጠፋል። አመዱን በትንሹ ጫን አድርጎ እንደገና መለኮስ ነው እንጂ በግድ መሳብ የለም። አውራ ጣትዎን ግን ያሳርፉት። ጫፉ ተቃጥሎ ተቃጥሎ ቆዳው ጠንክሯል፤ ሻይ ሲያቀብሉኝ አይቼዋለሁ። ሰፊ ራስ ያለው ሚስማር በሞረድ አለስልሼ አብሬ ልኬያለሁ።

እጅዎ መንቀጥቀጥ እንደጀመረ አውቃለሁ። ስለዚህ ቆሞ መሙላት ይቅር። ተቀምጠው፣ ትምባሆውን ሰፊ ሰሃን ላይ አፍስሰው፣ ፒፓውን በጨርቅ አስደግፈው ይሙሉት። የፈሰሰው ሰሃኑ ላይ ይቀራል፣ እማዬም ስለ ምንጣፉ አትቆጣም። ወንድሜ ደግሞ ፒያሳ ቡና ቤት በር ላይ ቆመው በጥድፊያ እንደሚያጨሱ ነግሮኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ቡና ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። እኔ አዋጁን እደግፈዋለሁ። ለፒፓ የማይሆነው ጥድፊያው ነው። ቡናዎን በሰላም ይጠጡና ፒፓውን እቤት ይተዉት።

ካጨሱ በኋላ ትኩስ እያለ መምጠጫውን አይንቀሉት። መጋጠሚያው የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው፤ የእርስዎም የተሰበረው በዚህ ይመስለኛል። በደንብ ሲቀዘቅዝ ነቅለው የዶሮ ላባ ያሳልፉበት። ከዚያ ይደር። ከሰሉን ሙልጭ አድርጌ አልፋቅኩትም፤ የሳንቲም ውፍረት ያህል ትቼዋለሁ። እንጨቱን ከእሳት የሚጠብቀው እሱ ነው።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሙያዬ ስለሆነ አላልፈውም። ያረረውን ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት ሳጸዳው ደስ የሚል ጥልፍልፍ መልክ ወጣው። ብራየር ይባላል። ከሜዲትራኒያን ዳርቻ አገሮች፣ ከጣሊያን፣ ከኮርሲካ፣ ከአልጄሪያ የሚወጣ ነው። ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ የሚያብጥ ጉጥ አለው፤ ፒፓ የሚሆነው ያ ጉጥ ነው። ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ከዚያ ለወራት ይደርቃል። ፈረንሳይ አገር ያለችው የሴን ክሎድ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1850ዎቹ ጀምሮ በዚህ እንጨት ፒፓ በመሥራት ትታወቃለች። ዛፉ ታዲያ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኛው አስታ! ኤሪካ አርቦሪያ የሚሉት እሱኑ ነው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ሲወጡ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚቆመው፣ የዛፍ ሽበት የሚንጠለጠልበት። ሰሜን ተራሮች ላይ የቆመ መኪና ሊጠግኑ ሲሄዱ ስንት ጊዜ በሥሩ አልፈዋል! ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የኛው ይቆረጥ ማለቴ ግን አይደለም። እዚያው ተራራው ላይ ቆሞ ይኑርልን።

አሁን የሆዴን ልንገርዎ፣ አባባ።

እኔ ብመኝ ጭራሽ ቢተዉት ነው። እማዬ ስንት ዘመን ለምናዎታለች። የንስሐ አባትዎም ነግረውዎታል። እርስዎ "ጭሱን አልውጠውም" ይሉናል። ባይውጡትም ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ፒፓ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ ልብንም ይጎዳል። አሞላሉ ሲስተካከል ምላስ መፋጀቱ ይቀንስ ይሆናል፤ ይህን ግን አያስቀረውም። ይህን ደብቄ ስለ ሦስት ቁንጥር ብቻ ብጽፍልዎ ልጅዎ አይደለሁም።

ታዲያ ለምን አሞላል እነግርዎታለሁ? ጠባይዎን ስለማውቅ ነው። ስንከለክልዎ ጓሮ ሄደው ያጨሳሉ። ግማሹ ሳይነድ ይጠፋል፣ ይደፉታል፣ እንደገና ይሞላሉ። እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ ፒፓው ከእጅዎ አይወርድም። በደንብ የተሞላ ፒፓ ቀስ ተብሎ ሲሳብ አንድ ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይችላል። እንግዲያው በቀን አንድ ይሁን። ከእራት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ወይራው ሥር ተቀምጠው። የጠዋቱንና የቀኑን ለእኔ ሲሉ ይተዉልኝ። ቤት ውስጥ ግን በፍጹም አይሁን። የወንድሜ ልጅ አስም አለባት፤ ጭሱ መጋረጃው ላይ ሳይቀር ያድራል።

ሌላው ደግሞ ምላስዎ ጎን ያለችው ቁስል ናት። ለጥምቀት ሲያሳዩኝ "ጥርሴ ነክሶኝ ነው" ብለውኝ ነበር። ትናንት እማዬን በስልክ ስጠይቃት አሁንም አልዳነችም አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል በሐኪም መታየት አለበት። ለማንም ሰው እንደዚያ ነው፤ ለፒፓ አጫሽ ደግሞ ይበልጡን። ወንድሜ ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይወስድዎታል። እባክዎ አይከራከሩት። ስንት ዓመት እንዳጨሱም ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት።

እቃውን በአውቶቡስ ለወንድሜ ልኬለታለሁ። ብልቃጡንና ሚስማሩን እንደደረሰው ያመጣልዎታል። ፒፓው ግን እሱ ጋ ይቆያል፣ የሐኪሙ መልስ እስኪመጣ ድረስ። እንዳይቀየሙኝ። እሱንም አይቆጡት፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ "ይተዉት" ካለዎ ይተዉታል፤ ይህንንም ደብዳቤ ቀድደው ይጣሉት። እኔ ለፋሲካ ስመጣ ፒፓውን አስቀምጬ ሌላ የእጅ ሥራ አመጣልዎታለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። ስልክዎን ቻርጅ ያድርጉት።

አክባሪ ልጅዎ