ለታዳጊዎቹ የገና በዓል ለደረሳችሁልን ሁሉ

ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ታዳጊዎች የድጋፍ ቡድን የተዘጋጀው የገና በዓል በሰላም ተጠናቋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። የማናችሁንም ስም አንጽፍም፤ ስማችሁ ከታወቀ አዳራሹ ይታወቃል፣ አዳራሹ ከታወቀ ልጆቹ ይታወቃሉ። በሥራችሁ ግን ራሳችሁን ታገኛላችሁ።

የአዳራሹ ባለቤት፣ «የተማሪዎች የበዓል ፕሮግራም» ከሚል አንድ ወረቀት በቀር በሩ ላይ ምንም እንዳይለጠፍ ስንለምንዎ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቁንም። ሹፌራችን፣ የድርጅት ስም የሌለበት ሚኒባስ ይዘህ መጣህልን። ብዙ ቤተሰብ ጎረቤት እንዳያይ ብሎ የሰፈሩን ጤና ጣቢያ እያለፈ ራቅ ያለ ቦታ ነው የሚከታተለው፤ ስለዚህ ልጆቹን ከየአቅጣጫው መሰብሰብ፣ ሲመለሱም በየደጃቸው ሳይሆን ዋናው መንገድ ላይ ማውረድ ነበረብህ። ከቀኑ 4 ሰዓት ተጀምሮ 9 ሰዓት ላይ ያለቀውም ሳይመሽ፣ የማታ መድኃኒታቸው ሳያልፍባቸው ቤት እንዲደርሱ ነው።

አማካሪ ነርሶች፣ የተጋባዦቹን ዝርዝር ስም በስም አይታችሁልናል። ስለ ራሱ ገና ያልተነገረው ልጅ ነገሩን በጨዋታ መሀል ከእኩያው አፍ ቢሰማ፣ መድኃኒቱንም አሳዳጊዎቹንም ሊጠላ ይችላል። ታናናሾች አብረው እንዳይመጡ ለአሳዳጊዎች ቀድማችሁ የተናገራችሁትም ለዚሁ ነው።

ጾሙ ሳይፈታ ለምን ተደረገ ላላችሁ፣ መልሱ ወጥ ቤት ነው ያለው። ሥጋ ቢሆን የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ ይፈልጋል፤ ለመለየት የማይወዱ ልጆችን ደግሞ በገበታ መለየት ይሆናል። የጾም ምግብ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀመጠ። እናቶቻችን፣ ለ80 ሰው 4 ኪሎ ሽሮ፣ 5 ኪሎ ምስር፣ በነፍስ ወከፍ ሁለት እንጀራና 20 መጠባበቂያ ብላችሁ የሰፈራችሁት ልክ ነበር። ከ10 ኪሎ ዱቄት የተጋገሩት አራት ድፎ ዳቦዎች ግን ከቡናው በፊት አለቁ፤ ይህን ዕድሜ ለሚመግብ ሁሉ ምክራችን ዳቦ ጨምሩ ነው። ኬኩ ላይ «መልካም በዓል» ብቻ የጻፍሽው እኅታችንም ተባረኪ።

ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው ፋርማሲስቷን ነው። መድኃኒት በበዓል ሰሞን በቀላሉ ሊቋረጥ ይችላል፤ ልጁ አገር ቤት ይሄዳል፣ አያቱ አያውቁም፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ክኒን ማውጣት ያፍራል። አንቺ ቀጠሯቸውን አስቀድመሽ የመንገዱን ቀናት ከነትርፉ ሰጠሻቸው። ክዳኑ ጠብቆ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ እንዲይዙት፣ እርጥበት የምትመጠውን ትንሽ ከረጢት እንዳይጥሏት፣ እንዳይንኳኳ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልለው ልብስ መሀል እንዲያስቀምጡት አሳየሻቸው። ያመለጠውን ለማካካስ ሁለት በአንዴ እንደማይዋጥም ነገርሻቸው። ዶሉቴግራቪር የተባለው የቫይረሱ መድኃኒት ያለበትን ክኒን የሚወስዱት የጨጓራ ማስታገሻ ከፈለጉ መድኃኒቱን ከማስታገሻው ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ስድስት ሰዓት በኋላ እንዲውጡ ያስጠነቀቅሽው በተለይ ጠቅሟል፤ ከበዓል ምግብ በኋላ ማስታገሻ የሚፈልግ አይጠፋም።

አባታችን፣ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚወሰዱ፣ ክኒን መዋጥ ጾም እንደማይሽር ከአንደበትዎ መስማታቸው እኛ ደጋግመን ከምንናገረው በላይ ረድቷል። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተወለዱት እነዚህ ልጆች ማደግ ይችላሉ፤ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከወረደ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ አይተላለፍም። ማግባትና መውለድ እንደሚችሉ በእርስዎ ፊት ሲነገር ጥያቄው ማብቂያ አልነበረውም።

ፎቶ አንሺው፣ ካሜራህን ቤት ትተህ የገና ጨዋታውን ስላጫወትክልን፣ ሴቶቹም ዱላ ይዘው እንዲገቡ ስላደረግህ እናመሰግናለን። በስልክም ቢሆን ማንም እንዳያነሳ በር ላይ ተስማምተን ነበር፤ ሁሉም ቃሉን ጠብቋል።

አሳዳጊዎች፣ በተለይ አያቶች፣ በጎን ባለው ክፍል ቡና አፍልታችሁ ስለጠበቃችሁን እናመሰግናለን። ከበዓሉ ሲመለሱ መድኃኒት የዘለለ ልጅ ካለ አትቆጡት፤ የቀረውን ክኒን እንደያዘ ወደ አማካሪዋ አምጡት። የደም ምርመራ ቀጠሮ ያላቸውም ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ይምጡ።

የዝግጅቱ አስተባባሪዎች