የደከመው ባትሪው እንጂ ፓነሉ አልነበረም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ውጭ በፀሐይ ኃይል ስለሚኖሩ ሰዎች የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ መሣሪያው ስለሚተከልበት ቀን ነው፤ ተከላው ዐሥር ዓመት ካለፈው በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ግን ብዙም ሲነሣ አላይም። በዚህ ጣጣ ውስጥ ያለፍኩ፣ ያውም ተሳስቼ ያለፍኩ በመሆኔ፣ ጥቂት ቦታ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቤቴ ተከላ 14 ዓመት፣ ባትሪዎቹ ደግሞ ከተቀየሩ 6 ዓመት ሲሞላቸው፣ ማታ ማታ የማቀዝቀዣው ሞተር በተነሣ ቁጥር ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃዎች ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ) እየጮኸ ይጠፋ ጀመር። ያየው ባለሙያ ፓነሎቹ አርጅተዋል ስላለኝ ሁለት አዳዲስ ትልልቅ ፓነሎች ጨመርኩ፤ አንዳች ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ መልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ይዤ ባትሪዎቹ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ጀምበር ስትጠልቅ 12.7 ቮልት ያሳይ የነበረው መለኪያ ሞተሩ በተነሣበት ቅጽበት ወደ 11.2 ወረደ፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ቀስ እያለ 12.4 ደረሰ። ሥራ ሳይሰጡት ሲለኩት ሙሉ የሚመስለው ባትሪ አቅሙ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። በእርሳስ ባትሪ ሰሌዳዎች ላይ የሚጠጥረው ሰልፌት እንዲህ ያደርጋል፤ በተለይ ባትሪው በየጊዜው ከግማሽ በታች እየወረደ ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ሲያድር። ፓነል ግን በአብዛኛው በዓመት ከአቅሙ የሚያጣው ግማሽ በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ የ14 ዓመቶቹ ፓነሎቼ ገና ብዙ የሚሠሩ ነበሩ።

የጨመርኳቸው ፓነሎች ያልጠቀሙኝ ግን ባትሪው በመድከሙ ብቻ አልነበረም። የቀድሞዎቹ ባለ 36 ሴል ፓነሎች 18 ቮልት ገደማ የሚሰጡ ሲሆኑ አዲሶቹ ከ30 ቮልት በላይ ይሰጣሉ፤ የቀድሞው ዓይነት ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ደግሞ ፓነሉን ከባትሪው ጋር በቀጥታ ስለሚያገናኘው በባትሪው ቮልት እንዲሠራ ያስገድደዋል። 300 ዋት ተብሎ የተገዛው ፓነል 9 አምፔር ቢያመነጭ በ13 ቮልት ተባዝቶ 117 ዋት ብቻ ይደርሰናል፤ የቀረው ባክኖ ይቀራል። ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር የሚለውጠው ኤም ፒ ፒ ቲ የሚባለው ኮንትሮለር ነው። እርሱም ቢሆን የሚችለው ከፍተኛ ቮልት በብርድ ጠዋት ታስቦ መመረጥ አለበት፤ ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራልና።

ባትሪውን ሊቲየም አይረን ፎስፌት በሚባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ለመተካት የሚያስቡ አንባቢያን፣ አዲሱን ከአሮጌው የእርሳስ ባትሪ ጋር ጎን ለጎን እንዳያገናኙት አደራ እላለሁ። የኮንትሮለሩ ቅንብርም መለወጥ አለበት፤ ለእርሳስ ባትሪ የሚጠቅመው በከፍተኛ ቮልት የማመጣጠን ሙሌት ለሊቲየም ጎጂ ስለሆነ መዘጋት ይኖርበታል። ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆንም ሊቲየምን መሙላት አይገባም። የሚገርመው፣ ከስሕተቴ ያወጣኝ መልቲሜትር እኔም ለተካሁት የሊቲየም ባትሪ ያን ያህል አልጠቀመኝም፤ የሊቲየም ቮልት እስኪያልቅ ድረስ እምብዛም ስለማይወርድ፣ የገባውንና የወጣውን አምፔር እየቆጠረ የሚያሳይ መለኪያ ያስፈልጋል።

ኢንቨርተር ለመቀየር የተነሣም ሰው ከ12 ወደ 48 ቮልት መሻገርን ያስብበት። 2,000 ዋት በ12 ቮልት ሲሳብ 167 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ በ48 ቮልት ግን 42 ብቻ ነው፤ በዚያው ሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነውም ወደ ዐሥራ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል። ምንም ሳይሠራ 30 ዋት የሚበላ ኢንቨርተር በ24 ሰዓት 720 ዋት-ሰዓት እንደሚጨርስም ሻጮች ሲናገሩ አልሰማሁም። ለኤሲ (ለቤት ዕቃዎች ለሚሄደው ተለዋዋጭ ጅረት) የተሠራ ማቋረጫ የዲሲን (ከባትሪ የሚወጣውን ቀጥተኛ ጅረት) ብልጭታ ላያጠፋ ስለሚችል፣ በባትሪው በኩል ለዲሲ የተሠራ ፊውዝ መግባት አለበት።

ሻጮች ዕቃውን ሲያስረክቡ የኮንትሮለሩን ቅንብር በጽሑፍ ቢሰጡና ከመሸጣቸው በፊት የገዢውን ባትሪ ሥራ ላይ እያለ ቢለኩት፣ እኔ ያለ ጥቅም የገዛኋቸውን ዓይነት ፓነሎች ብዙ ሰው አይገዛም ነበር። አሮጌዎቹ ባትሪዎቼ እርሳሳቸውን አቅልጦ መልሶ የሚጠቀም እስኪረከባቸው ድረስ፣ አሲዳቸው ሳይደፋ፣ ልጆች በማይደርሱበት ጥግ ተቀምጠዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ