ኃላፊው በዛ፣ የሚወጣ ፖሊስ ጠፋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የበግ ነጋዴ ነኝ። ከመንዝ ገበያዎች ሙክት እየገዛሁ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች አቀርባለሁ። የተሰረቀ በግ ከተጫነ የሚገኘው መንገድ ላይ እያለ ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። አንዴ ካራ ገበያ ገብቶ ከሌላው በግ ከተቀላቀለ ማን ይለየዋል?

ከፋሲካ በፊት ከበረቴ አራት ሙክት ተወሰደብኝ። ጎረቤቴ የመኪና ድምፅ የሰማው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። 11 ሰዓት ሳይሞላ ጣቢያ ደረስኩ። ተረኛው ወጣት ኮንስታብል በደንብ አዳመጠኝ። "ኬላ ላይ ይደወልልኝ" ስለው ግን "ኃላፊ ማስፈቀድ አለብኝ" አለኝ። የሽፍት ኃላፊው፣ አስተባባሪው ይምሩልህ አሉ። አስተባባሪው የሚገቡት ቢሮ ሲከፈት ነው። ገብተው ማመልከቻዬ ጥግ ላይ "ተገቢው ይፈጸም" ብለው ፈረሙ። ሌላ ክፍል ስወስደው እዚያም ተፈረመበትና ወደ ቡድን መሪው ተመራ። ቡድን መሪው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ ወረቀቱ ማን እጅ የገባ ይመስላችኋል? የዚያው ኮንስታብል!

ከቀኑ 6 ሰዓት አልፎ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ልጁ ሳይሰለች የተቆረጠውን አጥር አየ፣ የጎማውን ዱካ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለ። በጎቹ ግን የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ወረቀቴ ላይ የአራት ኃላፊ ፊርማ አለ። አጥሬ ድረስ የመጣው አንድ ሰው ነው።

ሰዎቹ ሰነፍ ናቸው እያልኩ አይደለም። በዚህ ጊዜ ፖሊስ መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ እዚህ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ፖሊስ ደመወዙ የሚሻሻለው በማዕረግ ነው። ከኮንስታብል ወደ ሳጅን፣ ከሳጅን ወደ ኢንስፔክተር ካልወጣ ልጅ አያሳድግም። ስለዚህ ማዕረግ ይሰጠው፣ እሰየው። ግን ማዕረግ ላገኘ ሁሉ ጠረጴዛ ለምን ይሰጠዋል? ጠረጴዛው ክፍል ይሆናል፣ ክፍሉ ሪፖርት ይጠይቃል፣ ሪፖርቱን ደግሞ የሚጽፈው ያው ኮንስታብል ነው።

ኢንስፔክተርም ቢሆን በገበያ ዋዜማ ሌሊት ፓትሮል ይውጣ እንጂ! ልምዱ ያለው እሱ ጋ ነው። የትኛው ደላላ የሌባ በግ እንደሚቀበል፣ የትኛው አይሱዙ መብራት አጥፍቶ እንደሚጭን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ሁሉ እውቀት ይዞ ወረቀት ሲመራ መዋሉ ያንገበግባል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ለተሰረቀበት ሰው ግን ማን ሰዓት ይቁረጥለት? እኔ ብዙ አልጠየቅሁም። ቃል የተቀበለው ተረኛ ኬላ ላይ የመደወልና ወዲያው የመውጣት ሥልጣን ይኑረው። ፊርማው ከዚያ በኋላ ይድረስ።

የሚመለከተው አካል ይህን ካነበበ አንድ ነገር ይንገረን። በየጣቢያው ስንት ኃላፊ አለ፣ በገበያ ዋዜማስ ውጭ የሚያድረው ስንት ነው? መልሱን በዚሁ ጋዜጣ እጠብቃለሁ።

የበግ ነጋዴው
ከሰሜን ሸዋ