ሹራቡን የማያወልቀው ጓደኛዬ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጂም ስለሚያዘወትሩ ወንዶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። «ጉረኞች ናቸው» ብላችሁ ማለፋችሁ ግን አልተዋጠልኝም። እኔ ራሴ ስድስት ዓመት ብረት አንስቻለሁ። ከጉራው ይልቅ ፍርሃቱን ነው ያየሁት። ክንዱ የእኔን ጭን የሚያህል ጓደኛ ነበረኝ። ላብ እያጠመቀውም ሹራቡን አያወልቅም። «ቀጭን ነኝ» ይላል። የሚቀልድ መስሎኝ ስቄበታለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነገሩ ስም አለው። ሃሪሰን ፖፕ የተባሉት የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. «መስል ዲስሞርፊያ» ብለውታል። ሰውየው ፈርጥሞም መስታወት ውስጥ ኮሳሳ ሆኖ ይታየዋል።

ጡንቻ የሚያፈረጥመው መድኃኒት፣ ስቴሮይድ፣ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። «ወንድ ለመምሰል» የሚወጉት መርፌ ሰውነት የራሱን የወንድነት ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ ማምረት እንዲያቆም ያደርጋል። የዘር ፍሬ ይኮሰምናል፣ የወንድ ዘርም ይቀንሳል። (ይህን ጂም ውስጥ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፤ ስለ ፕሮቲን ዱቄት ግን ሰዓት ሙሉ ይወራል።)

ፍርሃቱን የሚያባብሰው ሌላው ነገር የልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ቀልድ ነው። «እግርህን የት ጥለኸው መጣህ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁምጣ ለብሶ አላየሁትም።

የዘወትር አንባቢያችሁ